ፊልም በቁጥር ሲመዘን



የዚህ የፊልም ክበብ አዘጋጆች የላኩልኝ የግብዣ ደብዳቤ አጭር ነበር፤ «ፊልምን ያለ ስሜት፣ በቁጥር ብቻ ደረጃ ማውጣት ይቻላል ወይ?» ይላል። ጥያቄው ከየት እንደ መጣ ይገባኛል። ከሲኒማ ቤት ስንወጣ የምንገጥመው ክርክር ማለቂያ የለውም። አንዱ «እንዲህ ያለ ፊልም ተሠርቶ አያውቅም» ሲል፣ አብሮት የገባው ጓደኛው «እኔን እንቅልፍ ወሰደኝ» ይለዋል። ሁለቱም የሚናገሩት ከልባቸው ነው። እናም ዘመድ አዝማድ የሌለው፣ የማያዳላ ዳኛ ያምረናል። ቁጥር እንዲህ ያለ ዳኛ ይመስላል።

ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ዳኛ ነው። ሐሳቤን አስቀድሜ ልንገራችሁና ከዚያ ላስረዳ። ቁጥር የሰውን ጣዕም ይሰበስባል፣ ይቆጥራል እንጂ አያጠፋውም። የብዙ ሰው ጣዕም በአግባቡ ሲቆጠር ግን አንድ ሰው ለብቻው ሊያየው የማይችለው ነገር ይታያል። «በአግባቡ» ስል ሦስት ጥያቄዎችን ማለቴ ነው፤ ስንት ሰው ድምፅ ሰጠ? ማን ሰጠ? የተጠየቀውስ ጥያቄ ምን ነበር? እነዚህን ሦስቱን ያዙልኝ፤ እየደጋገምኩ እመለስባቸዋለሁ። ዓመታቱን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

«ስንት ሰው» ከሚለው ልጀምር፤ ስታትስቲክስ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስተምረን እሱን ነውና።

ሠፈራችሁ ውስጥ አዲስ ክትፎ ቤት ተከፈተ እንበል። እስካሁን ሦስት ሰዎች በልተውበታል፤ ሦስቱም «ከዚህ በላይ ክትፎ የለም» ብለዋል። ከመንገዱ ማዶ ያለው ክትፎ ቤት ግን ሃያ ዓመት ሆኖታል። በሺህ የሚቆጠር ሰው በልቶበታል፤ አብዛኛው ያመሰግናል፣ ጥቂቱ ያማርራል። እንግዳ ቢመጣባችሁ የት ትወስዱታላችሁ? ብዙዎቻችሁ ወደ ነባሩ እንደምትሄዱ እገምታለሁ። አዲሱን ስለናቃችሁ አይደለም። የሦስት ሰው ምስክርነት ለእንግዳ ክብር አይበቃም፤ ገና አልተፈተነም።

አይኤምዲቢ የተባለው የፊልም መዝገብ የሚሠራው ልክ እንደዚህ ነው። በ1990 ኮል ኒድሃም በተባለ እንግሊዛዊ የተጀመረ ሲሆን በ1998 አማዞን ገዝቶታል። ተመልካች ለፊልም ከ1 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣል፤ ከዚያ የምርጥ 250 ፊልሞች ሰንጠረዥ ይወጣል። ሰንጠረዡ የሚወጣው የሰውን ነጥብ ደምሮ በማካፈል ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ አሥር የአዘጋጁ ወንድሞችና እህቶች 10 የሰጡት ፊልም የዓለም አንደኛ ይሆን ነበር። ይህ እንዳይሆን ድርጅቱ ለዓመታት ይፋ ያደረገው አንድ ቀመር ነበረው። ቀመሩ በተራ ቋንቋ እንዲህ ይላል፤ ለእያንዳንዱ ፊልም ተመልካች በሰጠው ድምፅ ላይ 25,000 ምናባዊ ድምፅ ይጨመርለታል። ምናባዊዎቹ ድምፅ ሰጪዎች ሁሉ የሚሰጡት ነጥብ አንድ ዓይነት ነው፤ የጠቅላላ ፊልሞችን አማካይ፣ ማለትም 7 አካባቢ።

እስቲ አብረን እናስላ። አንድ ፊልም 100 ሰው ነጥብ ሰጥቶት አማካዩ 9 ሆነ። ሌላው 500,000 ሰው ነጥብ ሰጥቶት አማካዩ 8.5 ሆነ። በተራው ስሌት የመጀመሪያው ይበልጣል። ምናባዊዎቹ 25,000 ድምፆች ሲጨመሩ ግን የመጀመሪያው ወደ 7.01 ይወርዳል፤ ሁለተኛው 8.43 ላይ ይቆያል። መቶዎቹ ድምፆች በ25,000ው ውስጥ ሰጠሙ፤ ግማሽ ሚሊዮኑን ግን 25,000 ድምፅ ብዙም አላነቃነቀውም። የዚህ አስተሳሰብ ሥር ቶማስ ቤይዝ ከተባለ የ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊ ቄስ ይመዘዛል፤ ማስረጃ ሲያንስ ወደ ተለመደው ተጠጋ፣ ማስረጃ ሲበዛ ማስረጃውን ተከተል የሚል ነው። ይህን ቀመር እወደዋለሁ። በጥቂት ድምፅ ታላቅ ነገር ለመናገር አይደፍርም፤ ብዙ ተቺዎችም እንዲህ ቢጠነቀቁ ምንኛ መልካም ነበር።

ይሁን እንጂ ጥንቃቄው የሚጎዳው ሰው አለ። የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» አስቡት። በ2008 በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማትን ወሰደ። በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ በሚካሄደው በፌስፓኮ የአፍሪካ ሲኒማ ታላቁን ሽልማት፣ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ አገኘ። በምርጥ 250 ውስጥ ግን የለም፤ ሊኖርም አይችልም፤ በዚያ መዝገብ ድምፅ የሰጡት ሰዎች ቁጥር ከ25,000 እጅግ ያነሰ ነውና። «ጤዛ» ተመዝኖ ቀልሎ አልተገኘም፤ ከሚዛኑ ላይ አልወጣም። ልዩነቱን በደንብ እንያዘው። አንድ የእኛ ወጣት ሰንጠረዡን ከላይ እስከ ታች አንብቦ የአገሩን ፊልም ሲያጣ «የእኛ ፊልም ደካማ ነው» ብሎ ቢደመድም፣ ቁጥሩ ያልተናገረውን አናግሮታል ማለት ነው። ቁጥሩ የሚለው የእኛ ተመልካች እዚያ ሄዶ ድምፅ እንደማይሰጥ ብቻ ነው።

ይህ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ያስገባናል። ማን ነው ድምፅ የሰጠው?

በመስከረም 2016 «ዘ ፕሮሚስ» የተባለ ፊልም በቶሮንቶ ፌስቲቫል ታየ። ፊልሙ በኦቶማን ግዛት በአርመኖች ላይ ስለደረሰው የዘር ማጥፋት የሚተርክ ነው። የታየው ለጥቂት ጊዜ ሲሆን፣ ያየው ሰው ቢበዛ ጥቂት ሺህ ነው። በአይኤምዲቢ ላይ ግን በሳምንታት ውስጥ ከ80,000 በላይ ድምፅ ተሰጠው። ከ50,000 የሚበልጡት 1 የሰጡ ናቸው፤ ቀሪው በሙሉ ለማለት ይቻላል 10። መካከል ላይ ሰው የለም። ፊልም ያየ ሕዝብ እንዲህ ድምፅ አይሰጥም። 6 የሚሰጥ፣ 7 የሚሰጥ፣ «ተዋናዩ ጎበዝ ነው፤ ታሪኩ ግን ተንዛዛ» የሚል ሰው ይኖራል። እዚያ ላይ የተቆጠረው አንድ መቶ ዓመት ያስቆጠረ የታሪክ ክርክር ነበር። ይህን ነገር በኢትዮጵያ ዘርዝሬ ማስረዳት አያስፈልገኝም። አንድ ፊልም የአንድን ወገን ታሪክ ሲነካ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

እንዲህ ያለው ዘመቻ ሁልጊዜ ፖለቲካ አይደለም። በ2008 «ዘ ዳርክ ናይት» በወጣ በቀናት ውስጥ በዚያው ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ። የእሱና ለረጅም ጊዜ አንደኛ የነበረው የ«ዘ ጎድፋዘር» ደጋፊዎች አንዱ የሌላውን ፊልም ለማውረድ 1 ይሰጣጡ ጀመር። ሁለቱ ሲጎታተቱ «ዘ ሻውሻንክ ሪደምፕሽን» አለፋቸውና አንደኛ ሆኖ ቀረ። ሮተን ቶሜቶስ የተባለው ሌላው የደረጃ አውጪ ደግሞ በ2019 ተመሳሳይ ዘመቻ ሲያስቸግረው፣ ቲኬት መግዛታቸው የተረጋገጠ ሰዎችን ድምፅ ለይቶ ማሳየት ጀመረ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ድምፁን ከመቁጠሩ በፊት «አንተ ፊልሙን አይተኸዋል ወይ?» ብሎ መጠየቁ ነው።

አሁን ሦስተኛው ጥያቄ፤ ሰዎቹ የተጠየቁት ምን ነበር? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህኛው ነውና።

የሮተን ቶሜቶስን መቶኛ እንውሰድ። ፊልሙ 100 በመቶ አገኘ ሲባል «ፍጹም ነው» ማለት ይመስለናል። መቶኛው ግን የሚቆጥረው ከሐያስያን መካከል ስንቱ በጎ አስተያየት እንደሰጡ ብቻ ነው። አሥር ሐያስያን ሁሉም ከ10 6 ቢሰጡ፣ ሁሉም «መጥፎ አይደለም» ስላሉ ፊልሙ 100 በመቶ ያገኛል። ሌላ ፊልም ደግሞ ሰባቱ 10 ቢሰጡትና ሦስቱ 4 ቢሰጡት 70 በመቶ ይሆናል። አማካዩን ብታሰሉት የመጀመሪያው 6፣ ሁለተኛው 8.2 ነው። መቶኛው የትኛውን ፊልም ሰው እንደማያማርርበት ይነግራችኋል፤ አማካዩ ደግሞ ምን ያህል እንደተወደደ። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ የመለሱት ጥያቄ ግን የተለያየ ነው።

ገንዘብም እንዲሁ ነው። «ሻውሻንክ» በ1994 ሲወጣ 25 ሚሊዮን ዶላር የፈጀ ፊልም ሆኖ በመጀመሪያው የሲኒማ ቆይታው ያስገባው 16 ሚሊዮን አካባቢ ነበር። ለሰባት ኦስካር ታጭቶ አንድም አላገኘም። በገቢ ቢመዘን የወደቀ ፊልም ነው። በቴሌቪዥንና በቪዲዮ ቤት ለቤት ገብቶ፣ ሰው ደጋግሞ ካየው በኋላ ነው ከላይ የነገርኳችሁ ደረጃ ላይ የወጣው። የገቢ ሰንጠረዥ ሌላም ችግር አለበት፤ የገንዘብ ዋጋ ይለዋወጣል። በተራ ዶላር ቢቆጠር «አቫታር» ይመራል። የዋጋ ንረቱ ሲታሰብ ግን ለረጅም ጊዜ ከላይ የሚቀመጠው በ1939 የወጣው «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ነው። በእኛም አገር የቲኬት ዋጋ በአሥር ዓመት ውስጥ የት እንደደረሰ የምታውቁ ሰዎች፣ «ይህን ያህል ሚሊዮን አስገባ» የሚል ዜና ስትሰሙ ስንት ሰው ገባ ብላችሁ ጠይቁ። የዩቲዩብ ቪውም ያው ነው፤ ስንት ሰው እንደከፈተው እንጂ ስንት ሰው እስከ መጨረሻው እንዳየው አይነግረንም።

«ታዲያ ሥራውን ለሊቃውንቱ ለምን አንተውላቸውም?» የሚል ይኖራል። እሱም ተሞክሯል፤ ውጤቱም እጅግ የሚያስተምር ነው። የብሪታንያው «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» መጽሔት ከ1952 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ ሐያስያንን እየጠየቀ የምንጊዜም ታላላቅ ፊልሞችን ያወጣል። እያንዳንዱ መላሽ አሥር ፊልም ይጠቅሳል፤ አሥሩም እኩል አንድ አንድ ድምፅ ያገኛሉ። «ሲቲዝን ኬን» ከ1962 እስከ 2002 በተደረጉት አምስት ምርጫዎች አንደኛ ነበር። በ2012 የሂችኮክ «ቨርቲጎ» አሸነፈው። በስንት ድምፅ? ከ846 መላሾች 191 ድምፅ አግኝቶ፤ «ሲቲዝን ኬን» 157 አግኝቷል። «የዓለም ታላቁ ፊልም» ከተባለው ጀርባ ያለው እውነት ይህ ነው። ከአራት ሊቃውንት ሦስቱ «ቨርቲጎ»ን በአሥሩ ምርጦቻቸው ውስጥ አላስገቡትም።

በ2022 መጽሔቱ የመላሾቹን ቁጥር ወደ 1,639 ከፍ አደረገ፤ ከብዙ አገር፣ ከብዙ ዓይነት ሙያ ጋበዘ። አንደኛ የወጣው ቤልጂየማዊቷ ሻንታል አከርማን በ1975 የሠራችው «ዣን ዲልማን» ሆነ። ከአሥር ዓመት በፊት ሠላሳዎቹ ውስጥ የነበረ ፊልም ነው፤ በዚያ ምርጫ ታሪክ ሴት ያዘጋጀችው ፊልም አንደኛ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። አንዳንዶች ተቆጡ፤ «መስፈርቱ ተበላሸ» አሉ። ፊልሙ በእነዚያ ዓመታት አንድም ትዕይንት አልተጨመረበትም፣ አልተቀነሰበትም። የተለወጠው ተጠያቂው ሰው ነው። ቀድሞም ቢሆን ቁጥሩ የሚለካው ጥቂት ሰዎችን ነበር፤ የጥቂቶቹን መልስ ለሁሉም አድርገን የወሰድነው እኛ ነን። ማን ድምፅ ሰጠ የሚለው ጥያቄ ሊቃውንትም ላይ ይሠራል ማለቴ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ቅን አድማጭ «እንግዲያው ስታትስቲክስ ምን ይጠቅማል?» ሊለኝ ይችላል። ብዙ ይጠቅማል፤ ሁለት ሥራዎች ላንሳላችሁ።

ኔትፍሊክስ በ2006 አንድ ውድድር አወጣ። 480,000 ገደማ ደንበኞች ለ17,770 ፊልሞች የሰጡትን ከ100 ሚሊዮን በላይ ነጥብ ይፋ አደረገና፣ «ደንበኛው ገና ላላየው ፊልም የሚሰጠውን ነጥብ ከእኛ ስሌት 10 በመቶ በተሻለ የሚተነብይ 1 ሚሊዮን ዶላር ይወስዳል» አለ። ሦስት ዓመት ፈጀ። በመጨረሻ ሁለት ቡድኖች እኩል ነጥብ አመጡ፤ ሽልማቱን የወሰደው ሥራውን በ20 ደቂቃ ቀድሞ ያስገባው ነው። እኔን የሚደንቀኝ በመንገድ የተማሩት ነገር ነው። ከትንበያው ብዙው ክፍል የመጣው የሰውን የውስጥ ጣዕም ከመመርመር በፊት፣ ሰው ነጥብ ሲሰጥ ያለውን ጠባይ ከማወቅ ነው። አንዱ እጁ ለጋስ ነው፤ ለማንኛውም ፊልም 4 ኮከብ ይሰጣል። ሌላው ይሰስታል፤ የወደደውንም ፊልም ከ3 አያሳልፍም። ስለዚህ የስስታሙ 3 ከለጋሱ 4 ሊበልጥ ይችላል። ይህን ሳናስተካክል የሁለቱን ነጥብ ደምረን ብናካፍል የተለያየ መስፈሪያ ቀላቅለናል ማለት ነው። ይህ ግልጽ ነገር ነው፤ ግን በአገራችን የፊልም ዳኝነት ላይ የተቀመጣችሁ ሁሉ እንድታስቡበት እለምናችኋለሁ። አንዱ ዳኛ ከ60 እስከ 95፣ ሌላው ከ80 እስከ 85 ነጥብ ቢሰጥ፣ ውጤቱን በአብዛኛው የሚወስነው የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው ዳኛ አዳራሹ ውስጥ የሌለ ያህል ነው።

ከዚያ ውድድር የቀረ ሌላም ነገር አለ። «ናፖሊዮን ዳይናማይት» የተባለ የ2004 አስቂኝ ፊልም ተወዳዳሪዎቹን ሁሉ አሰቃያቸው። ሰው ወይ 5 ይሰጠዋል ወይ 1። አንድ ሰው እንደሚወደው ከሌሎች ምርጫዎቹ ማወቅ አልተቻለም። ግማሹ 5፣ ግማሹ 1 ቢሰጥ አማካዩ 3 ነው፤ ሁሉም 3 የሰጡት ፊልምም አማካዩ 3 ነው። አንደኛው ሰውን ለሁለት የሚከፍል፣ ሌላው ማንንም የማያነቃንቅ። ሰንጠረዡ ግን ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል። ስለዚህ ከአማካዩ ጎን ነጥቦቹ ምን ያህል እንደተበታተኑ የሚያሳይ ሁለተኛ ቁጥር መኖር አለበት እላለሁ። እንዲያውም ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብትሉኝ ሰውን የሚከፍለውን ፊልም አያለሁ። ይህ የእኔ ጣዕም ነው፤ ግን ቁጥሩ ነው ያሳየኝ።

ሁለተኛው ሥራ የ2015 ነው። በአሜሪካ የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 15,425 የአሜሪካ ፊልሞችን ወስደው የማንንም አስተያየት ሳይጠይቁ አንድ ነገር ቆጠሩ፤ ይህ ፊልም በኋላ በወጡ ፊልሞች ውስጥ ስንት ጊዜ ተጠቀሰ? አንድ ንግግሩ ተደግሞ፣ አንድ ትዕይንቱ ተቀድቶ፣ ስሙ ተነሥቶ። ከዚያ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለትውልድ ይቆዩ ብሎ ከ1989 ጀምሮ በየዓመቱ ከሚመዘግባቸው ፊልሞች ጋር አስተያዩት። መዝገቡ ውስጥ የገቡትን ለይቶ በማወቅ ረገድ፣ ከወጡ ከ25 ዓመት በላይ ቆይተው የተጠቀሱበት ብዛት ከሐያስያን ነጥብም፣ ከሽልማትም፣ ከገቢም በልጦ ተገኘ። በዚህ መለኪያ አንደኛው የ1939ኙ «ዘ ዊዛርድ ኦፍ ኦዝ» ነው፤ «ስታር ዋርስ» እና «ሳይኮ» ይከተሉታል።

ከማውቃቸው መለኪያዎች ሁሉ ይህንን አስበልጣለሁ። ምክንያቱም በመጀመሪያው ሳምንት ማስታወቂያ አይታለልም፤ በአንድ ቀን ዘመቻም አይነሣም፣ አይወድቅም። ፊልም ሠሪ ሌላን ፊልም የሚጠቅሰው ውስጡ ስለቀረ ነው፤ ሩብ ምዕት ዓመት ቆይቶ ውስጡ ከቀረ ደግሞ ፊልሙ ሥራውን ሠርቷል። ይህም ቢሆን ከሦስተኛው ጥያቄ አያመልጥም። የተቆጠሩት የአሜሪካ ፊልሞች ብቻ ናቸው። የኃይሌ ገሪማ «ምርት፡ ሦስት ሺህ ዓመት» በማርቲን ስኮርሴሲ የተመሠረተው የዓለም ሲኒማ ፕሮጀክት ካስጠገናቸው ፊልሞች አንዱ ነው። በኋላ የመጡ ኢትዮጵያውያን አዘጋጆች ከእሱ ምን ያህል እንደወሰዱ ግን በዚያ ስሌት ውስጥ የለም። መቁጠር ያለብን እኛ ነን።

ስለዚህ የመጨረሻው ነጥቤ ለዚህ ክበብ የማቀርበው ሐሳብ ነው። በ2014 የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» በሰንዳንስም በበርሊንም ፌስቲቫል የተመልካች ሽልማት አገኘ። የተመልካች ሽልማት የሚሰጠው አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ ፊልሙን ያየው ሕዝብ በሰጠው ድምፅ ነው። በአሜሪካም ሲኒማስኮር የተባለ ድርጅት ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፊልም በሚወጣበት ዕለት ለተመልካች ወረቀት እያደለ ነጥብ ይሰበስባል። ወረቀትና እስክሪብቶ ነው የሚያስፈልገው። እኛም በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች በር ላይ ይህን ማድረግ እንችላለን። የሰው ነጥብ ከአማካዩ በ2 ነጥብ ያህል ወዲያና ወዲህ ቢበታተን፣ በዘፈቀደ ከተመረጡ 100 ተመልካቾች የምናገኘው አማካይ ከእውነተኛው ከ0.4 በላይ የሚርቀው አልፎ አልፎ ብቻ ነው። 400 ወረቀት ብንሰበስብ ስሕተቱ ወደ 0.2 ይወርዳል። ከዚያ በላይ መድከም ብዙም አይጨምርም።

ሁለት ነገር ብቻ እንጠንቀቅ። በምረቃው ዕለት አንሰብስብ፤ በምረቃ ቀን አዳራሹን የሚሞላው የተዋናዮቹ ቤተሰብና ወዳጅ ነው፤ ደስታቸው ተገቢ ነው፣ ናሙና ግን አይሆንም። በሁለተኛው ሳምንት፣ በሥራ ቀንም በእሑድም እንሰብስብ። ደግሞም ወረቀቱን ፈገግ ብለው ለሚያዩን ብቻ አንስጥ፤ ለሚወጣው ለእያንዳንዱ አምስተኛ ሰው እንስጥ፣ ፊቱን ቢያኮማትርም። በወረቀቱ ላይ ሦስት መስመር ይበቃል፤ ከ10 ስንት ትሰጠዋለህ፣ ዕድሜህ ስንት ነው፣ ለሌላ ሰው እይ ትለዋለህ ወይ። የወረቀቱን ረቂቅ ይዤ መጥቻለሁ፤ መግቢያው አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ታገኙታላችሁ። አሁን ጥያቄዎቻችሁን ልስማ፤ በተለይ ከሲኒማ ቤት ሥራ አስኪያጆች መካከል የመጣችሁ ካላችሁ ከእናንተ እንጀምር።